ብሔራዊ ሙዚየም ለ3ኛ እና ለ4ኛ ክፍል፦ ሁለት ቦታ ብቻ አሳዩ

ንባብንና ታሪክን በአንድ ጉብኝት ማጣመር ለሚፈልግ የአዲስ አበባ መምህር አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም የመጀመሪያው ምርጫ መሆን አለበት። ጥቅሙ ግን እንደ አዘገጃጀቱ ነው። ሕፃናቱን ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ የሚያስሮጥ ጉብኝት ያደክማቸዋል እንጂ የሚቀርላቸው ነገር ትንሽ ነው። የጥንት ሰው ቅሪተ አካላት ያሉበትን ምድር ቤትና ጽሑፍ ያለባቸውን የጥንት ድንጋዮች ብቻ በደንብ ቢያዩ ይሻላል፤ ሥዕሉና ባህላዊ ዕቃው ለሌላ ቀን ይቆይ።

በማሳያዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ለአዋቂ የተዘጋጀ ነው። የ9 ዓመት ልጅ መስተዋቱ ፊት ቆሞ «ቅሪተ አካል» የሚለውን ፊደል በፊደል ሲያነብ ከኋላው ያለው ይገፋዋል፤ ያኔ ማንበቡን ትቶ ዝም ብሎ መገልበጥ ይጀምራል። ስለዚህ ዋናው ንባብ ከጉብኝቱ በፊት ክፍል ውስጥ ማለቅ አለበት። ከ5 ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ካርድ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ለሁለት ልጅ አንድ ስጡ። አጽም፣ ቁፋሮ፣ ዳሌ የሚሉትን ቃላት አስቀድማችሁ ሰሌዳ ላይ አስረዱ። መጀመሪያ መምህሩ ያንብብ፣ ቀጥሎ ክፍሉ በጋራ፣ በመጨረሻ ጥንድ ጥንድ ሆነው።

ካርዱ ላይ የሚተወው ባዶ ቦታ እዚያው በዓይን ታይቶ የሚሞላ ይሁን፤ ለምሳሌ «ድንቅነሽ ከእኔ ____ ናት»። ቆማ የምትታየው የድንቅነሽ (ሉሲ) አጽም ቅጂ 1.1 ሜትር ገደማ ስለሆነች አብዛኛው የ3ኛ ክፍል ልጅ ይበልጣታል፤ ይህን ሲያውቅ ደስታው ሌላ ነው። ዓመተ ምሕረትን ባዶ አታድርጉት። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1974። ሁለቱን ቁጥር ያየ ልጅ አንዱ ስሕተት ይመስለዋል፤ ልዩነቱን ቀድማችሁ ንገሩት። «እውነተኛው አጥንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው እንዳይጎዳ ተለይቶ እንደሚቀመጥ በግልጽ መልሱለት።

ሚሊዮን የሚለው ቃል ለዚህ ዕድሜ ባዶ ድምፅ ነው። 4.5 ሜትር ሲባጎ ውሰዱና 1 ሴንቲ ሜትሩን 10,000 ዓመት አድርጉት። ከዛሬ ተነስታችሁ ስትለኩ በአፋር ከተገኙት ቅሪተ አካላት የሄርቶ ሰው 16 ላይ፣ ድንቅነሽ 320 ላይ፣ የዲኪካዋ ሰላም 330 ላይ፣ አርዲ 440 ላይ ይውላሉ። የሱፍ ክር አትጠቀሙ፤ ሲወጠር ስለሚለጠጥ የድንቅነሽና የሰላም 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይጠፋል። ያ ልዩነት ደግሞ ዋና ነገር ነው፤ ሰላም «የሉሲ ልጅ» ስትባል የሰማ ተማሪ፣ ሕፃኗ ከድንቅነሽ ከ100,000 ዓመት በላይ ቀድማ እንደኖረች በጣቱ ይዳስሳል። ሲባጎውን ግቢ ውስጥ ዘርጉት፤ አዳራሹ ውስጥ መተላለፊያ ይዘጋል።

ከአክሱም በፊት ከነበረው ዘመን የመጡት ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች ለንባብ ትምህርት ከሁሉም ይበልጣሉ፤ የሚያሳዝነው አብዛኛው ጉብኝት አልፏቸው መሄዱ ነው። ልጆቹን በ፣ ቀ፣ ወ እና ዐ ፈልጉ በሏቸው። ድንጋዮቹ በተጻፉበት የሳባ ፊደል እነዚህ ከኛዎቹ ጋር በጣም ስለሚቀራረቡ ሳይነገራቸው ያገኟቸዋል። ሁለት ነገር ግን ያደናግራቸዋል። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ካዕብ፣ ሣልስ የሚባል ነገርም የለውም። «ታዲያ ቡ እና ቢ እንዴት ይለያሉ?» ብለው ከጠየቁ ትምህርቱ ገብቷቸዋል። ሲባጎው ላይ እነዚህ ድንጋዮች ከጫፉ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይርቁም።

30 ተማሪ ካላችሁ 15፣ 15 አድርጋችሁ ክፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ምድር ቤት ሲገባ ሌላው ድንጋዮቹ ጋ ይሁን፣ በ40 ደቂቃ ይለዋወጡ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል። በማግሥቱ እያንዳንዱ ጥንድ ለአንድ ዕቃ የራሱን 3 ዓረፍተ ነገር መግለጫ ይጻፍ፤ የሚነበበው ደግሞ ወደ ሙዚየሙ ላልሄደ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ይሁን።