ውሉን ከኋላ ጀምራ ላነበበችልኝ የመድን ወኪል፣ ለጅማ ተከራዮችም ጥቆማ

ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው። እዚሁ ጅማ ለምትሠራ አንዲት የመድን ወኪል። ስሟን አልጠራም፤ «ስልኬ አደባባይ ላይ አይውጣ፣ የፈለገ ሰው በውስጥ ይጠይቅህ» ስላለችኝ ቃሏን አከብራለሁ። ግን አፓርታማም ይሁን ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ የምትኖሩ ብታውቋት ትጠቀማላችሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኛ ጋ ኢንሹራንስ ሲባል መኪና ነው የሚታየን። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ስለሆነ እንገባለን፣ ስቲከሩን እንለጥፋለን፣ አለቀ። ቤትን በተመለከተ ደግሞ «አከራዬ ገብቷል» እንላለን። አከራይ የሚገባው መድን ግን ሕንፃውን ነው የሚሸፍነው፣ የራሱን ንብረት። የእናንተ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ሶፋና አልጋ እዚያ ውስጥ የለም። «እድር አለን» የሚሉም አሉ። እድር ይኑርልን፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው አይለይም። የተቃጠለ የቤት ዕቃ መተካት ግን የእድር ሥራ አይደለም።

እሷን ከማግኘቴ በፊት ለቤት ዕቃዬ መድን ልገባ ሌላ ቦታ ጠይቄ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። ያነጋገረኝ ሰው ስንት ክፍል እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አደረገና አረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ የምከፍለውን፣ ነገረኝ። ምን ይሸፍናል ስለው «ሁሉንም» አለ። ሁሉንም የሚሸፍን መድን ደግሞ የለም።

ይህችኛዋ ቤት ድረስ መጣች፣ ያውም በዝናብ፣ በባጃጅ። ቡናው ሳይፈላ ውሉን ዘርግታ ከኋላ ጀምራ ታነብልኝ ያዘች። ከኋላ ያለው የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ነው። «የሚከፈለውን ማንም ይነግርሃል ወንድሜ፣ አንተ የማይከፈለውን ስማ» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው ያከበርኳት።

መጀመሪያ የመብራት ነገር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ጨምሮ የስንቱን ፍሪጅ እንዳቃጠለ ጅማ ላይ የማያውቅ የለም። እኔም በዋናነት የፈለግሁት ለዚያ ነበር። እሷ ግን አንቀጹን በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ፦ በኤሌክትሪክ ኃይል መጨመር ወይም በሾርት ራሱ ዕቃው ውስጡ ተቃጥሎ ቢበላሽ የእሳት መድኑ ያንን ዕቃ አይከፍልም። ከዚያ ዕቃ እሳት ተነስቶ ወደ ሌላው ከተዛመተ ግን የተዛመተበትን ይከፍላል። ለኤሌክትሮኒክስ ለብቻው የሚገባ መድን አለ፣ ዋጋውም ለብቻው ነው። «ላንተ ቤት አልመክርም፣ በዚያ ብር ጥሩ እስታቢላይዘር ግዛበት» አለችኝ። ወኪል እኮ ኮሚሽን ነው የምትበላው። ብገባላት ይጠቅማት ነበር።

ሁለተኛው ስርቆት ነው። ውሉ የሚለው የሰበራ ስርቆት ነው፣ ማለትም በር ወይም መስኮት ተሰብሮ የመግቢያ ምልክት መታየት አለበት። በቁልፍ ተከፍቶ የተወሰደ፣ ቤት ውስጥ በሚኖር ወይም በሚሠራ ሰው የተወሰደ አይከፈልም። ስለዚህ ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ ቁልፍ በእጁ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቀችኝና አከራዬን አስፈቅጄ የበሩን ቁልፍ ጋን ቀየርኩ። ጥሬ ገንዘብና ወርቅም ወይ አይገቡም ወይ በትንሽ የገንዘብ ጣሪያ ነው የሚገቡት፤ የእናትህን ወርቅ ባንክ አስቀምጥ አለችኝ። ሌላው፣ እኔ በገባሁት ውል ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ክረምቱን ቤተሰብ ጋ የምታሳልፉ አስተማሪዎች ይህችን ልብ በሉ።

ከዚያ ዕቃ መመዝገብ ጀመርን። ቴሌቪዥኑን አዙራ ከጀርባው ያለውን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አነሳች። ፍሪጁንም እንዲሁ። ደረሰኝ ያለውን ከደረሰኙ ጋር አያያዘች። ችግሩ ሳሎን ያሉት የጅማ ወንበሮችና በርጩማዎች ላይ መጣ። ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ በርጩማ ምን ደረሰኝ አለው? እኔ «ተይው» አልኳት። እሷ እሺ አላለችም፤ እንጨት ሠሪ ጋ ሄጄ ዛሬ ቢሠራ ስንት እንደሚያወጣ በወረቀት እንዳጽፍ አደረገችኝ። ምክንያቷን ስትነግረኝ ነው የገባኝ። የቤቱ ዕቃ በሙሉ 400 ሺህ ብር እያወጣ አረቦን እንዲቀንስ ብላችሁ 200 ሺህ ካስመዘገባችሁ፣ የ100 ሺህ ብር ዕቃ ሲቃጠል የሚከፈላችሁ 50 ሺህ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው መድን የገባችሁት ማለት ነው። ከዚያም ላይ ከእያንዳንዱ ጉዳት እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት ድርሻ ይቀነሳል። ካሳው ደግሞ የአዲስ ዋጋ ነው ወይስ ያገለገለበት ተቀንሶ የሚለውን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ የኔው ያገለገለበት የሚቀነስበት ነው፣ ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው።

አዌቱ ወንዝ አካባቢ የምትኖሩ ስለ ጎርፍ ለብቻው ጠይቁ። መሠረታዊው የእሳትና መብረቅ መድን ጎርፍን በራሱ አይጨምርም፣ ተጨማሪ ከፍላችሁ ነው የሚያያዘው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆንኩ ተውኩት። በምትኩ የወሰድኩት የኃላፊነት ሽፋኑን ነው፣ ከኔ ኩሽና እሳት ተነስቶ የጎረቤት ቤት ወይም የአከራዬን ግድግዳ ቢጎዳ ማለት ነው። ሲሊንደርና የከሰል ምድጃ አንድ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ይህ ቅንጦት አይመስለኝም።

ቡና ስንጠጣ ታች ያሉት ሐጂ መጡና «ልጄ፣ ወለድ ያለበት ነገር አልገባም» አሏት። አልተከራከረቻቸውም። ታካፉል የሚባል ከወለድ ነፃ የሆነ መድን እንዳለ፣ ገንዘቡ የተሳታፊዎቹ መዋጮ ሆኖ ለብቻው እንደሚያዝ፣ የእሷ ኩባንያ ግን እንደማይሠራው ነገረቻቸው። ከዚያ የሚሠራ ሌላ ኩባንያ ጠቆመቻቸው። ተፎካካሪ ነው እኮ። ሐጂ «ገለቶሚ» ብለው መረቋት።

ክፍያውን በእጇ አልተቀበለችም። በኩባንያው ሂሳብ አስገብቼ የድርጅቱን ደረሰኝ ወሰድኩ። ሳልጠይቃትም ከብሔራዊ ባንክ የተሰጣትን የወኪልነት ፈቃድ አሳየችኝ። ማንም ወኪል ቢመጣባችሁ ይህን ሁለቱን ጠብቁ፤ በእጅ ስጠኝ የሚላችሁን ሰው ሸኙት።

ጉድለቷንም ልናገር፣ ምስጋና ነው ብዬ አላድበሰብስም። ስልክ ቶሎ አታነሳም። መልእክት ብትጽፉላት ይሻላል፣ ማታ ትመልሳለች። ትንሽም ቆጣ ትላለች። እስካሁን ካሳ የጠየቅሁበት ነገር ስለሌለ ስለ ኩባንያው አከፋፈል ምስክር መሆን አልችልም፤ የምመሰክረው ስለ እሷ ሥራ ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እጅግ አመሰግናለሁ፣ ገለቶሚ። የምትፈልጓት በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልካለሁ። ከመምጣቷ በፊት ግን የኪራይ ውላችሁን፣ መታወቂያችሁንና ያላችሁን ደረሰኝ አሰባስባችሁ ጠብቋት፤ ጎረቤቴ «ኋላ እፈልገዋለሁ» ስትላት ወኪሏ ቡናዋን እንኳን ሳትጨርስ ነው ተነስታ የሄደችው።