የበሬ ቆዳ ዝናር ወይስ የሸራ? ዋጋውን ከመቁረጣችሁ በፊት

ጥምቀትና የሠርግ ወራት በቀረቡ ቁጥር «የጥይት ዝናር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ወዳጅ አይጠፋም። ለአንዱ የነገርሁትን ለሌላው መድገም ስለ ሰለቸኝ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። አድልዎዬንም ከመነሻው ልናገር፦ የምመርጠው በእጅ የተሰፋውን የበሬ ቆዳ ነው፤ ይህንም ያወቅሁት ከስሬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ «ጥሩ ቆዳ ነው» የተባልሁትን ዝናር በ2,200 ብር ገዛሁ። ሻጩ 2,800 ብሎ ስለ ጀመረ 600 ብር አስቀነስሁ ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀለም ይቀረፍ ጀመር፤ ከሥሩም ስስ ጨርቅ ብቅ አለ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ሁለት የጥይት ቀለበቶች በ150 ብር ባሰፋም መርፌው በወጋበት መስመር ሁሉ እየተተረተረ ሳምንት እንኳ አልቆየም። በጠቅላላው 2,350 ብር አውጥቼ ያገለገለኝ 8 ወር ነው፤ በወር ወደ 294 ብር ማለት ነው። በኋላ በ3,500 ብር የገዛሁት የበሬ ቆዳ ግን እነሆ 26 ወሩ ነው፤ በወር 135 ብር ገደማ ደርሷል፣ ገናም እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ስፌት ሲለቀው በሰም በተቀባ ክር በ50 ብር ተሰፍቶልኛል፤ ቆዳው መርፌ ይችላል።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ፊቱን ማሸትና ማሽተት አይበቃም፤ ሽታውንም ይቀቡታልና። ዝናሩን ገልብጣችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ በጥፍር ፈልቅቁት። እውነተኛ ቆዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃጫው የተያያዘ ሲሆን፣ ሐሰተኛው በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ይታያል። ይህን ስታደርጉ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

የሸራውን ዝናር ግን አልንቀውም። ለእኅቴ ልጅ በ1,200 ብር ገዝቼለታለሁ፤ ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ በአንድ ነገርም ቆዳውን ይበልጠዋል። ቆዳ በሚለፋበት ጊዜ የሚገባበት አሲድ ከጥይቱ ቀለህ (ባሩድ ከሚይዘው ቀፎ) መዳብ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ሸራ ግን ይህ ጣጣ የለበትም። እኔ አንድ ክረምት ጥይቱን በቆዳው ዝናር እንደ ተሰካ ትቼው፣ በመስከረም ሳወጣው ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ዞሮበት አገኘሁት። ስለዚህ ቆዳ የሚገዛ ሰው ከበዓሉ መልስ ጥይቱን ነቅሎ በደረቅ ዕቃ ያስቀምጥ፤ ዝናሩንም ጭስ ያቆየዋል ብሎ ከምድጃ በላይ አይስቀል፣ ሙቀቱ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋልና። የሸራው ድክመት ቀለበቶቹ ናቸው፤ ከላሉ በኋላ አይጠብቁም፣ የእኅቴ ልጅም በሠርግ ጭፈራ መካከል ሁለት ጥይት ጥሎ ስንፈልግ አምሽተናል።

ስለ ልኩ ደግሞ፦ የማውዘር ቀለህ ቁመቱ 57 ሚሊ ሜትር፣ የክላሽ 39 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለአንዱ የተሰፋ ለሌላው አይሆንም። ክላሽ የያዘ ሰው ባለ ቀለበቱን ትቶ 30 ጥይት የሚይዘው ካዝና የሚገባበትን ባለ ኪሱን ይግዛ። «የአርበኛ ዝናር ነው» ተብሎ በ6,000 ብር የሚቀርብላችሁንም አሮጌ ዕቃ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥይት ሰክታችሁ ሞክሩት። የአያቴ ዝናር የተሰፋው ለውጅግራ ነበር፤ ይኸውም በጥቁር ባሩድ የሚተኮሰው፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር የሆነው የ1874 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። የማውዘሩን ጥይት ብሰካበት በቀለበቱ ሾልኮ መሬት ወደቀ።