የእማዬን መዝገብ ላተረፈችልኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። የሞባይል አፕ ባለሙያ ናት። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጽፍም። የምትፈልጓት ግን እንዴት እንደምታገኟት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ኮድ መጻፍ ጀመርኩ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ቪዲዮ እያየሁ እማዬ የደም ግፊቷን የምትመዘግብበት ትንሽ የአንድሮይድ አፕ ሠራሁላት። ጠዋትና ማታ ትለካለች፣ ቁጥሩን ታስገባለች፣ ደስ ካላት ከሥሩ ማስታወሻ ትጽፋለች። እኔም የራሴን በስልኬ እመዘግብበት ነበር። ግፊቱን የወረስኩት ከእሷ ነው፤ አፍንጫውንም ጭምር። 7 ወር ያለ ምንም ችግር ሠራ።

ከዚያ ጠገብኩ። የመድኃኒት ሰዓት የሚይዝ ሌላ ሠንጠረዥ ልጨምርበት አልኩ። ጨመርኩና ሁለታችንም ስልክ ላይ አፑን አደስኩት። ስከፍተው ወዲያው ይዘጋል። ኤረሩ «እንዲህ የሚባል ሠንጠረዥ የለም» ይላል። እንዴት የለም? ይኸው ኮዱ ላይ ጽፌዋለሁ! ይባስ ብሎ እህቴ ስልክ ላይ ስጭነው ይሠራል። ያው አፕ፣ ያው ኮድ። እብድ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

መጀመሪያ ያየልኝ ሰውዬ ስልኬን ተቀብሎ አፑን አጠፋና እንደገና ጫነው። «ይኸው ሠራ» አለኝ። እውነትም ሠራ። ግን ባዶ ነው። የ7 ወር መዝገቤ ድራሹ የለም። «ውስጡ ዳታ አለ ብለህ አልነገርከኝም» አለ። መዝገብ የሌለበት መመዝገቢያ የሚያስጠግን ሰው አለ እንዴ? ሂሳቡን ግን አልረሳም።

ሁለተኛው ኮዱን እንኳ ሳይከፍት ከዜሮ መሠራት አለበት አለ። ሦስተኛው ከፍቶ አየው፣ ከዚያ ሳቀ። «በዚህ ዕድሜ ኮድ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ከዚያ ወዲያ የእማዬን ስልክ ማንም እንዳይነካው ማልኩ። እሷም ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። «ተወው ልጄ፣ ወረቀትም አይከፋም» ስትለኝ ደግሞ ባሰብኝ።

ከዚህች ልጅ ጋር ያገናኘኝ የእህቴ ልጅ ነው። ስደውልላት መጀመሪያ የተናገረችው «ጋሼ፣ ማንም ምንም ቢልዎት እናትዎ ስልክ ላይ ያለውን አፕ እንዳያጠፉት» ነው። ገና ኮዱን ሳታየው! ቀጥላ ከመበላሸቱ በፊት ምን እንደቀየርኩ ጠየቀችኝ። የእህቴን ስልክ ነገር ስነግራት «በቃ፣ ገባኝ» አለች።

ለእኔም እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳችኝ። ዳታቤዙ፣ ማለትም መዝገቡ የሚቀመጥበት ቤት፣ የሚገነባው አንዴ ነው፤ አፑ ስልኩ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት። «የእናትዎ ስልክ ላይ ቤቱ ከተሠራ 7 ወሩ ነው። አሁን ፕላኑ ላይ ክፍል ቢጨምሩ፣ የቆመው ቤት ላይ ክፍል አይበቅልም» አለችኝ። የእህቴ ስልክ ላይ ያለው ግን አዲስ ቤት ነው፤ በአዲሱ ፕላን ተሠራ። መፍትሔው የዳታቤዙን የቨርዥን ቁጥር ከ1 ወደ 2 ማሳደግ ነው አለች። ያኔ ስልኩ እድሳት እንዳለ ያውቃል።

«ይህችን ቁጥር ብቻ? እንቀይራታ!» አልኩ።

«ቆይ ጋሼ» አለች።

ይህችን «ቆይ» ነው የማልረሳት። ወደ ታች ወርዳ ቀሪውን ኮድ አነበበች። ለካ ከትምህርቱ ላይ የገለበጥኩት ኮድ ቁጥሩ ሲያድግ መጀመሪያ አሮጌውን ሠንጠረዥ ያፈርሳል፣ ከዚያ አዲስ ይሠራል። ኤረሩ ይጠፋ ነበር፣ የእማዬም መዝገብ አብሮት ይጠፋ ነበር። «ለመማሪያ ሲሆን ችግር የለውም፤ ባዶ ቤት ነው የሚፈርሰው» አለችኝ። እኔ እጄ ቀዝቅዞ ነበር። ያለ እሷ ቢሆን በገዛ እጄ አፍርሼው ነበር እኮ!

ከዚያ ዳታቤዙን ኮምፒውተሬ ላይ ኮፒ አስደረገችኝ። መዝገቡን ቆጠርን፤ 396። ኮዱን አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ብቻ እንዲጨምር አድርጋ አስተካከለችው። ሌላም የነካካችው ነገር አለ፤ አልገባኝም፣ ግን እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። መጀመሪያ ኮፒው ላይ ሞከረች። ተሳካ። ከዚያ ነው ወደ እማዬ ስልክ የሄድነው።

ተከፈተ። «ስንት ነው ጋሼ?» አለች። 396። «እስቲ የመጨረሻውን ያንብቡልኝ።» 138 በ86። ከሥሩ እማዬ «ዛሬ ልጄ ይመጣል» ብላ ጽፋለች። ድምፄ ተዘጋ። ልጅቷም አልቸኮለችም፤ እስክመለስ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ያስከፈለችኝ መዝገቤን ካጠፋው ሰውዬ ያነሰ ነው። አንድም ጊዜ «ይሄን ማን ጻፈው?» አላለችኝም። እንዲያውም «ጎበዝ ነዎት» አለችኝ። ለማጽናናት ይሆናል፤ ቢሆንም ተቀብያለሁ። በሳምንቱ ደግሞ ራሷ ደውላ እማዬ እየመዘገበች እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ስንቱ ነው?

አፓችሁ «ሠንጠረዥ የለም» እያለ ካስቸገራችሁ፣ ውስጡም የምትሳሱለት ነገር ካለ፣ እባካችሁ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እሷን ጠይቁ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን ጠይቁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ሌሊት ግን አትደውሉላት፤ እኔ ደውዬ እስካሁን አፍራለሁ።