«አልነካውም» ብላ ልጄን ላተረፈችልኝ ሐኪም

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እንባዬ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከዓመት በላይ ግራ አፍንጫው ተደፍኖ ኖረ። ግራው ብቻ። ሌሊት አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፤ ያንኮራፋል። ከዚያ ነስር ጀመረው። ሳይመታ፣ ሳይወድቅ፣ ቁጭ ባለበት ደሙ ዱብ ዱብ ይላል። አንዳንዴ ቶሎ ይቆማል፤ አንዳንዴ ፎጣው እስኪርስ ይፈሳል። ጠዋት ሲነሳ ትራሱ ላይ ደም አይቶ እንዳይደነግጥ ብዬ ነጩን የትራስ ልብስ ሁሉ አንስቼ ጥቁር አለበስኩለት።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ «ጉንፋን ነው» ተባልን። ሌላው ጋ «ሳይነስ ነው»፣ ቀጥሎ «አለርጂ ነው»። የሚነፋ መድኃኒት በላይ በላዩ ተሰጠን። አንዱማ ልጄን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «አፍንጫውን እየጎረጎረ ነው፣ ተቆጪው» አለኝ። አምኜው ተቆጣሁት። «እማዬ ሙች አልነካሁትም» እያለኝ ተቆጣሁት። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የመጨረሻው ቦታ ግን ከሁሉም ባሰ። መብራት አብርተው አዩና «ፖሊፕ ነው፣ አፍንጫ ውስጥ የበቀለ ትርፍ ሥጋ፤ ትንሽ ቆርጠን ለምርመራ እንላክ» አሉ። እዚያው ወንበሩ ላይ። ያ ወረንጦ የመሰለ መሣሪያ ገና ሲነካው ደሙ እንደ ቧንቧ ወረደ። ሰው ተሯሯጠ። እኔን ገፍተው አስወጡኝ። ፋሻ ጠቅጥቀው ጠቅጥቀው በስንት መከራ አቆሙት። ልጄ ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ምን እንደተፈጠረ ያስረዳኝ የለም። «አይዞሽ» ያለኝም የለም። የሰጡኝ የቀጠሮ ወረቀት ብቻ ነው።

ወደዚህች የአንገት በላይ ስፔሻሊስት የመራችኝ ጎረቤቴ ናት። ፈጣሪ ውለታዋን ይክፈላት። እኔ በዚያን ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ልጄ ደግሞ ነጭ ጋውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል።

ዶክተሯ እኔን አልጠየቀችም። እሱን ነው የጠየቀችው። «አንተው ንገረኝ፤ አፍንጫው ያንተ ነው» አለችው። እሱም ሁሉንም ነገራት፣ የቁጣዬን ነገር ሳይቀር። ከዚያ ማናችንም ያላነሳነውን ጠየቀች። «ግራ ጆሮህስ? ይታፈንሃል?» እኔና እሱ ተያየን። ለካ ቴሌቪዥን የሚያስጮኸው ለዚህ ነው! ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ነገር የጆሮውንም ቱቦ ዘግቶበታል።

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ነገር ቀስ አድርጋ አስገባች። ስክሪኑ ላይ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ ድቡልቡል ነገር ታየ። አሁን ትቆርጠዋለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ካሜራውን አወጣችና ጓንቷን አወለቀች።

«አልነካውም» አለች።

ልጄ ትንፋሹን ለቀቀ። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አንድ አፍንጫው ተደፍኖ እየነሰረው ከመጣ ምስል ሳይነሳ ናሙና እንደማይወሰድ አስረዳችኝ። ደም ሥር የበዛበት ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ከተነካ አደጋ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ግን በቂዬ ነበር። ያ የደም ጎርፍ ከየት እንደመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ሲቲ ስካን እና ኤምአርአይ ተነሳ። ወረቀቱ ላይ አንጂዮፋይብሮማ ይላል፤ ያ እሷ የጠረጠረችው ደም ሥር የበዛበት ዕጢ ነው። ውጤቱን ልንሰማ የገባን ቀን «ካንሰር ነው?» ብሎ የጠየቀው ልጄ ነው። እኔ ቃሉን ማንሳት ፈርቼ ነበር። ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠጋችው።

«አይደለም። ካንሰር አይደለም። ግን ዝም ካልነው እያደገ ወደ ዓይንህና ወደ ራስ ቅልህ ይገፋል። ስለዚህ እናወጣዋለን።» ትንሽ ዝም አለችና ጨመረችለት። «ደግሞ የነሰረህ ስለነካካኸው አይደለም። ያንተ ጥፋት የለበትም።»

ይህን ማንም አልጠየቃትም። በመጀመሪያው ቀን የነገራትን ይዛለት ነው። ልጄ ዞሮ አየኝ። እዚያው ይቅርታ ጠየቅሁት።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ከቀዶ ጥገናው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በብሽሽቱ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ ዕጢውን የሚቀልቡትን የደም ሥሮች ዘጉለት። ብዙ ደም እንዳይፈሰው ነው። በማግስቱ በአፍንጫው በኩል አወጡት። ፊቱ ላይ አንዲት ጭረት የለም። እኔ ኮሪደር ላይ የቆየሁባቸውን ሰዓታት አልቆጥራቸውም። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ገና ኮፍያዋን ሳታወልቅ ከሩቅ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እግሬ ከዳኝ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እንዲህ ዓይነቱ ዕጢ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። እስካሁን በተነሳው ምስል ንጹህ ነው፤ ተመስገን።

እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ። የልጃችሁ አንድ አፍንጫ ብቻ ለወራት ከተደፈነ፣ በዚያ ላይ ከነሰረው፣ «ጉንፋን ነው» ተብላችሁ አትመለሱ። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ካሜራ አስገብታችሁ እዩ በሉ። ልጁ «አልነካሁትም» ሲል እመኑት።

ዶክተሯ ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለችኝ እዚህ አልጽፈውም። የተቸገረ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ በማንኛውም ሰዓት እመልሳለሁ፣ አድራሻዋን እሰጣለሁ። ደግሜ እላለሁ፦ እሷ ጋ ሂዱ። እጇ ወርቅ ነው፣ አንደበቷ መድኃኒት ነው።

ዶክተርዬ፣ አንቱ ስልሽ «አንቺ በይኝ» ብለሽኛልና እንደ እህቴ ልንገርሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጄ አሁን አፉን ገጥሞ ነው የሚተኛው። ነጩን የትራስ ልብስ መልሼ አልብሼለታለሁ።