ጥቁር ክርና ሰማያዊ ክር የሚያስለይ አምፖል

ሥራዬ ስፌት ነው። የምሠራውም ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ እዚያው ቤቴ ውስጥ። ቀን ቀን መስኮት ስላለ ችግር የለም። ማታ ግን፣ በተለይ የበዓል ሰሞን የሰው ልብስ ተቆልሎ ሲጠብቀኝ፣ ኑሮዬ በአምፖል ነው። ስለዚህ አምፖል ለእኔ ከመቀስና ከመርፌ እኩል የሚቆጠር የሥራ ዕቃ ነው።

ቤቱን በሙሉ ወደ ኤልኢዲ የቀየርኩት በአንዴ አይደለም። አሮጌው በተቃጠለ ቁጥር አንዴ ከመንገድ፣ አንዴ ከሰፈር ሱቅ፣ አንዴ ከመርካቶ እየገዛሁ ነው። በዚህ ምክንያት ሳላስበው ርካሹንም ውዱንም ጎን ለጎን አየኋቸው።

ብዙ ሰው ኤልኢዲ የሚገዛው ለቆጣሪው ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ግን ልኩን እንወቅ። ድሮ የነበረው ጣት የሚያቃጥል ባለ 60 ዋት አምፖልና የዛሬው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የሚሰጡት ብርሃን ተቀራራቢ ነው፤ 800 ሉመን አካባቢ (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ የድሮው በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ኤልኢዲው 1.35 ብቻ። ሰባት አምፖል ላለው ቤት 63 በ9 ተኩል ተቀየረ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው። የመጀመሪያው እርከን 50 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ እየተወደደ ይሄዳል። በድሮው አምፖል ቢሆን ያንን እርከን የምታልፉት ገና ምጣድ ሳትሰኩ ነው።

ምጣድ ካነሳን አይቀር፣ ካርድ የሚጨርሰው እሱ ነው። ባለ 3500 ዋት ምጣድ ላይ ሁለት ሰዓት ከተጋገረ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ። በዚያ አንድ ኤልኢዲ በየማታው አምስት ሰዓት እየበራ አምስት ወር ይቆያል። ስለዚህ ባለ 9 ይሻላል ባለ 10 እያሉ ሱቅ ለሱቅ መዞር ትርፉ ድካም ነው። መብራት ኃይል የድሮውን አምፖል ተቀብሎ ያደለው የተጠማዘዘ «ኃይል ቆጣቢ» አሁንም ያላችሁ ሰዎችም በኤልኢዲ ስትቀይሩት ሂሳቡ ላይ ትልቅ ለውጥ አትጠብቁ። ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ ግን ሳይሰበር ከቤት ቢወጣ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ርካሾቹ። ከመንገድ ላይ ነጋዴ ነው የገዛኋቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 18 ዋት ይላል። ሉመን የሚል ነገር የለም። በእጅ ሲይዙት ባዶ ፕላስቲክ ነው።

«ጋራንቲ አለው?» አልኩት።
«አለው እናቴ።»
«እስከ መቼ?»
«እስኪቃጠል ድረስ ነዋ!»

ሳቄ መጣ፣ ገዛሁት። ቤት ስገባ ግን ፈተንኩት። አፈታተኑን ልንገራችሁ፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሆነ ተጽፏል፤ የእኔ ቆጣሪ ላይ 1000 ነው። ፍሪጁንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የስልክ ቻርጀሩንም ሳይቀር ነቀልኩ። ከዚያ አምስቱን አምፖሎች ብቻ አበራሁ። አምስት ባለ 18 ዋት ማለት 90 ዋት ነው፤ በየ40 ሰከንዱ ብልጭ ማለት ነበረባት። ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ቆምኩ። አርባ አለፈ። ደቂቃ አለፈ። ደቂቃ ከሩብም አለፈና ነው ብልጭ ያለችው። 18 የተባለው 10 እንኳ አይሞላም።

ትንሽ መብላቱ ባልከፋ፤ ብርሃኑም ትንሽ ነው እንጂ። ደግሞ ዋቱን የዋሸ ካርቶን ሌላውን እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ከዋቱ በፊት ሉመኑን ፈልጉ። ለአንድ ዋት 90 ወይም 100 ሉመን ከሰጠ ደህና አምፖል ነው። ሉመን የማይጽፍ ካርቶን መልሳችሁ አስቀምጡት።

ለእኔ ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። አንድ ማታ ደንበኛዬ ያመጣችውን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ልጀምር ስል ሁለት ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። በዚያ አምፖል ሥር ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ጥለቱ ላይ ያለው ደማቅ ቀይም የደረቀ በርበሬ መሰለ። ጠዋት መስኮት ጋ ሳየው ሁሉም በየመልኩ ቁጭ ብሏል።

ምክንያቱ ወዲህ ነው። ነጭ ኤልኢዲ በተፈጥሮው ነጭ አይደለም። ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጥ ቅንጣት ናት፣ በላይዋ ላይ ወደ ቢጫ የሚቀይር ዱቄት የተቀባባት። ያችን ሰማያዊ ቅንጣት ለዚህ ላበቁት ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል፤ ይገባቸዋል። ርካሽ ሠሪዎች ግን ዱቄቱ ላይ ይቆጥባሉ፣ ቀዩ ቀለም ይጎድላል። አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር ነው፣ ከመቶ የሚሰጥ። ለሳሎን 80 ይበቃል። ለስፌት፣ ለሜካፕ፣ ሥዕል ለሚሠራ ሰው 90 ፈልጉ። ሱቅ ውስጥ ስትጠይቁ ሻጩ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ካርቶኑን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡ።

መርካቶ ውስጥ የሚጠየቀው «ነጭ ነው ቢጫ?» ብቻ ነው። የብርሃኑ መልክ የሚለካው በኬልቪን ነው። ነጭ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ 6500 ኬልቪን ነው፣ ሰማያዊነት ያለው። ቢጫው 3000 አካባቢ። ከሁለቱ መሀል 4000 የሚባል አለ፣ ብዙ ሱቅ አይዘውም። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ያለው እሱ ነው። መኝታ ቤት ቢጫውን አደረግኩ። ነጩን እዚያ ያደረገ ሰው ሆስፒታል የተኛ ይመስለኛል፣ ግን ምርጫ ነው።

ስፌት መኪና ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ርካሹ አምፖል ይርገበገባል። በዓይን አይታይም፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። ግን የመኪናዬ መዘውር በፍጥነት ሲዞር፣ በዚያ አምፖል ሥር የቆመ ወይም ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። መርፌ አጠገብ ጣት ላለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ለመፈተን እርሳስ ይዛችሁ አምፖሉ ሥር ቶሎ ቶሎ አወዛውዙ። እንደ ማራገቢያ ተቆራርጦ ብዙ እርሳስ ከታያችሁ ይርገበገባል። ደህናው አምፖል ሥር ደብዘዝ ያለ አንድ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። የስልክ ካሜራም ያሳያል፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ይሄዳል።

ከዚያ የቮልቴጅ ነገር አለ። ማታ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ርካሾቹ አብረው ይደበዝዛሉ። ካርቶናቸው ላይ «220–240 ቮልት» ነው የሚለው። አሁን የምጠቀምባቸው ላይ «85–265» ተጽፏል። አንገታቸው ውስጥ ያለው ድራይቨር የሚባለው ዕቃ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል ብርሃኑን እኩል ያቆየዋል። ጀሞ ለሚኖር ሰው ይህ ቁጥር ከሁሉም በላይ ነው ባይ ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ገፍቶ ስለሚመጣ ግን ምንም ዓይነት አምፖል ቢሆን ማጥፊያውን አጥፍቶ መጠበቅ ይሻላል።

የተቃጠሉትን ለሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ወሰድኩለት። ነጩን ክዳን አንስቶ አሳየኝ። ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ አንዷ መሀሏ ላይ ጥቁር ጠብታ አላት። ተከታትለው ስለተያያዙ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጨልማሉ። የሞተችውን በሊድ አገናኝቶ አበራልኝ፤ «ለሌሎቹ ግን ሸክም ይጨምርባቸዋል» አለኝ። ኮሪደር ላይ ሰቀልኩት። የሚገድላቸው ሙቀት ነው። ከፕላስቲኩ ሥር አልሙኒየም ያለው አምፖል ከበድ ይላል፣ ሙቀቱንም ያወጣል። ዙሪያውን በተዘጋ የመስታወት ሽፋን ውስጥ ከሆነ ግን ጎበዙም ቶሎ ይደክማል።

አጥፍታችሁት ጭል ጭል የሚል አምፖል ካላችሁ አምፖሉን አትውቀሱ። ብዙውን ጊዜ ማጥፊያው የቆረጠው ኒውትራሉን ሆኖ ነው፤ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ አሁንም እዚያው አምፖሉ ላይ አለ። ባለሙያ ያስተካክለው። እስከዚያ አምፖል ስትቀይሩ ብሬከሩን አውርዱ።

ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲሄድ የማይጠፋው አምፖልም አለኝ። ሻጮቹ ጣታቸውን አርጥበው ቂጡን ሲነኩት ይበራል፤ ሰው ይገረማል። እኔ መኪናው ላይ አልሰቅለውም፤ በባትሪ ሲሆን ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። ኩሽና ግን ወጥ ለማማሰል አይከፋም። ማጥፊያው ካልበራ ቻርጅ እንደማያደርግ ልብ በሉ። ቀኑን ሙሉ አጥፍታችሁት ማታ አትጠብቁት።

አሁን የምገዛው መርካቶ ካሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋቸው የመንገዱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ጋሼ፣ ረከስ ያለ የለዎትም?» አልኳቸው።

«አለ ልጄ። ግን ርካሹን ከወሰድሽ ስልኬን አልሰጥሽም።»

ውዱን ወሰድኩ፣ ስልካቸውንም ሰጡኝ። እያንዳንዱን አምፖል ባንኮኒው ላይ ባለው ሶኬት ሞክረው ነው የሚሸጡት። ከዚያ አንገቱ ላይ ቀኑን በማርከር ይጽፋሉ። ዓመት ሳይሞላው ከጠፋ ይቀይራሉ። አንዱ ጠፍቶብኝ ወስጄው ነበር፤ ጽሑፉን አዩ፣ አለመሰበሩን አገላብጠው አዩ፣ ሌላ ሰጡኝ። ስለ ታዋቂ ስሞችም የነገሩኝ ነገር አለ። ፊሊፕስ የሚል ካርቶን ስታዩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አንብቡ፤ አስመስሎ የሚያትም ሞልቷል። አምፖሉ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ ከለቀቀ ተዉት ይላሉ።

የማልወድላቸው ነገር አለ። 4000 ኬልቪኑን በብዛት አያመጡም፣ ሲያልቅ ወር ሊያስጠብቁ ይችላሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ በካርቶን ሲያስጭን፣ ሁለት አምፖል የሚፈልግ ሰው ተረስቶ ይቆማል። ጠዋት ሂዱ። እሁድ ዝግ ነው።