የታደሰው «ፖሊስ ስቶሪ» ብሉሬይ፦ ጃኪ ቻንን እንደ አዲስ

ልጅ ሆኜ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ያየሁት ካሴት ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን በብሉሬይ (ጥራት ባለው የፊልም ዲስክ) ጥርት ብሏል። ጃኪ ቻን ራሱ ዳይሬክት ያደረገው፣ ራሱም የተወነበት የ1985 እ.ኤ.አ. የሆንግ ኮንግ ፊልም ነው።

ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ያለውን ትዕይንት ሦስቴ አየሁት። አምፖል የተጠመጠመበትን ምሰሶ ይዞ ቁልቁል ሲንሸራተት አምፖሎቹ እየፈነዱ ይረግፋሉ። መዳፉ ተቃጥሏል። እሱም ዝላዩን ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ያሳየናል፤ ልክ ነው፣ ይገባዋል! በልጅነቱ በቤጂንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት የገራው ሰውነት እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድራማው ላይ ትንሽ ይንዛዛል። የትርጉም ጽሑፉም ይፈጥናል። ግን ዋጋው አይቆጭም። ሲያልቅ ቶሎ እንዳታጠፉት፤ ተዋናዮቹ ስታንት (አደገኛ ትዕይንት) ሲሠሩ የተጎዱበት ቀረጻ የሚመጣው ከስም ዝርዝሩ ጋር ነው።