«ሽንኩርቱ መጣ ወይ?» ለአንዲት አዋላጅ ነርስ የዘገየ ምስጋና

ይህን ምስጋና እንደ ዕዳ ይዤው ከርሜያለሁ። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ አረገዘች። ጉንፋን ቢጤ ያዛትና «ኮቪድ ቢሆንስ? ልጁ ምን ይሆናል?» እያለች ስታለቅስ ደረስኩ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጋቢት 2013 ነው። የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የመጀመሪያዬ። ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የኮቪዱን ቁጥር የሚለጥፉበት፣ ኦክስጅን ጠፋ የሚባልበት፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ሲጠራ ሙዚቃ ሳይሆን የኮቪድ ሕሙማን አልጋ ትዝ የሚለን ጊዜ።

የእኔ እርግዝና ጠላቱ ሽንኩርት ነበር። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ቤታችን ጠዋት ማታ ሽሮ ነው። ሽሮ ደግሞ ያለ ቁሌት አይሆንም። ሽንኩርቱ ድስቱን ሲነካ እኔ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። አንድ ማክሰኞ ግን ራሴ ቆሜ አቁላላሁ። ምንም አላለኝም። «ተመስገን፣ አለፈልኝ!» ብዬ ለባለቤቴ ጮህኩለት። ሽንኩርቱ አርሮ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው የባነንኩት። የቡናውን ቆርቆሮ ከፍቼ አፍንጫዬን ከተትኩ። ምንም። በረኪናውን ከፈትኩ። እሱም ምንም።

ሽታ መጥፋት የኮቪድ ምልክት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ከሳምንት በፊት በኮቪድ ተይዞ ነበር። ማታ ትኩሳቱ መጣ። እኔም እንደማንኛውም ሰው ስልኬን ይዤ እስኪነጋ ፈለግሁ። አንዱ ያስወርዳል ይላል፣ አንዱ ምንም አያደርግም ይላል። ሲነጋ ክትትል ልጀምርበት ወዳሰብኩት የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ጥበቃው የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደቀነና «ትኩሳት አለሽ፣ አትገቢም» አለኝ። ነፍሰ ጡር ነኝ ስለው «እሱማ ይባስ» አለኝ። በሥራው አልፈርድበትም። ግን ወዴት እንደምሄድ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ቤት ደግሞ አማቴ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። ዳማከሴው ተጨምቋል፣ ጤና አዳሙ ሻይ ውስጥ ገብቷል፣ ፌጦው በሎሚ ተበጥብጧል። ባሕር ዛፉም ለመታጠኛ ድስት ላይ ይፈላል። በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ብርጭቆውን ይዤ ሳለሁ ነው አንዲት ጓደኛዬ ደውላ «ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ያለችውን ሲስተር ሳታናግሪ ምንም እንዳትጠጪ» ያለችኝ።

ሲስተርን ያገኘኋት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ነው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አራርቃ አስቀመጠች። እኔ አንዱ ላይ፣ እሷ አንዱ ላይ። አንድ ክንዷን ታሻሻለች። የኮቪድ ክትባቱ በዚያው ወር መጋቢት 4 ነበር የተጀመረው፣ ያውም ከጤና ባለሙያዎች። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ በተገኘ ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው። «ትናንት ወግተውኝ ክንዴ አልነሣ አለ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝም ብላ ሰማችኝ። እንዲህ የሰማኝ ባለሙያ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ጨርሼ ሳለቅስ ያለችኝ ይህን ነው። «ምንም አይሆንም ብዬ አልዋሽሽም። ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የተያዙ ብዙ እናቶች ድነው ጤነኛ ልጅ ታቅፈዋል። በሽታው ነፍሰ ጡርን ይበልጥ የሚያጠቃው ወደ መጨረሻው ወራት ሲጠጋ ነው። አሁን ያንቺ ሥራ ትኩሳቱ እንዳይጨምር ማድረግ ነው። ለፅንሱ በዚህ ጊዜ የማይመቸው ከፍተኛ ትኩሳት ነው።» ፓራሲታሞል እንድወስድ ነገረችኝ። አይቡፕሮፌን ግን እንዳልነካ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የእርግዝና ቫይታሚንም ቢያስመልሰኝም እንዳላቋርጥ።

ስለ ብርጭቆው ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ማሕፀን ያነሣሣል። ፌጦውንም ተዪው። ለእማማ እኔ እደውላለሁ።» የምር ደወለች። አማቴን «እማማ፣ እርስዎ ያሉት ዝንጅብልና ማር ጥሩ ነው፤ እሱን ያጠጡልኝ» አለቻቸው። አማቴ ስለ ዝንጅብል ምንም አላሉም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የዝንጅብሉ ሐሳብ የእሳቸው ሆነ፣ እስከ ዛሬም ይኮሩበታል። ጾሙንም ቢሆን «ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እንቁላል ብዪ ይሉሻል» አለችኝ። አሉኝም።

ስንለያይ ከገዋኗ ኪስ ጣት ላይ የምትነከስ የኦክስጅን መለኪያ አውጥታ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። የራሷ ናት፣ በገንዘቧ የገዛቻት። አድራሻዬን እንኳ አልጠየቀችኝም። «ስትድኚ በአልኮል ጠርገሽ መልሺልኝ» ብቻ አለች።

ያኔ ለኮቪድ በተመደበው ስልክ 8335 ደውዬ ናሙና ሰጠሁ፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆነ። ቤት 14 ቀን ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን መለኪያዋ 93 ስትል ልቤ ቆመ። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ነው የሚል ነበር። ደወልኩላት። «ያንን የጻፈው ሰው አዲስ አበባ አልኖረም። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። መተንፈስ ከብዶሻል? ደረትሽን ይወጋሻል? ደም አይተሻል?» የለም፣ የለም፣ የለም። «እንግዲያው በጎንሽ ተኚና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለኪ። ከዚህ ከቀነሰ ደውይ። ወደ 90 ከወረደማ መደወሉን ትተሽ ተነሥተሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ።» ከግማሽ ሰዓት በኋላ 94 ሆነ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

በየቀኑ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትደውላለች። «እንዴት ነሽ» አትልም። «ሽንኩርቱ መጣ ወይ?» ነው የምትለው። አልመጣም እላታለሁ። «ይመጣል፣ መንገድ ተዘግቶበት ነው» ትላለች። በ11ኛው ቀን አማቴ ቁሌት ጣል ሲያደርጉ ዘልዬ ሽንት ቤት ገባሁ። እያስመለሰኝ እስቃለሁ። ባለቤቴ ያበድኩ መስሎት በሩ ላይ ቆሟል። አፌን ሳልጠርግ ደወልኩላት። «መጣ!» አልኳት። እልልታዋ ከስልኩ ውጪ ተሰማ።

ክትትሌን በሙሉ እዚያው ጤና ጣቢያ አደረግሁ። 5ኛው ወር ላይ የእንጨቷን ማዳመጫ ሆዴ ላይ ደግፋ ጆሮዋን ለጠፈች፣ ዓይኗን በሰዓቷ ላይ ተክላ የፅንሱን የልብ ምት ቆጠረች። ያ አንድ ደቂቃ አላልቅ አለኝ። «144» አለች። «ሩጫ ላይ ናት።» ሴት መሆኗን ያኔ ማናችንም አናውቅም፣ እንዲሁ አፏ ላይ መጣላት። ልጄ ጥቅምት 2014 ተወለደች፣ 3.1 ኪሎ። ዛሬ ቁሌቱን ራሴ ካላማሰልኩ እያለች ታስቸግረናለች።

ሲስተር ስሟንም ጤና ጣቢያውንም እንዳልጽፍ አስምላኛለች። ስጦታም ይዤላት ሄጄ ነበር። ዳቦውን ወስዳ ቀሚሱን መለሰችልኝ። ኮተቤ አካባቢ የምትኖሩ ግን ታውቋታላችሁ፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ናት። ሌላ ሰፈር ያላችሁም ብትሆኑ መንግሥት ጤና ጣቢያ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። የእርግዝና ክትትልም ሆነ ወሊድ አይከፈልበትም። እኔ መጀመሪያ ንቄው ነበር፣ አልዋሽም። ካርድ ክፍሉ ሰልፍ አለው፣ ወንበሩም ሁሉንም አይበቃም። ማልዳችሁ ሂዱ። ሦስት ወር እስኪሞላችሁም አትጠብቁ፤ ማርገዛችሁን ባወቃችሁ ሳምንት ሂዱ። ትኩሳት ካላችሁ በሩ ላይ ሳትገቡ ተናገሩ፣ ማስክም አድርጉ። የእኛዋ ሲስተር ከሆነች ወጥታ ታናግራችኋለች።

ስታገኟት የሽንኩርቷ ሴትዮ ልካኝ ነው በሏት። ይገባታል።